የኢያሱ ቅዳሜ

ታክሲው ኢምፔሪያል ጋ ቆመ። ቆመ ማለት፣ ሞተሩ ይሠራል፣ ረዳቱ ይጮኻል፣ ማንም ግን የትም አይሄድም። ብሩክታይት በአንድ ወፍራም ሰውዬና በአንዲት አሮጊት መካከል ተጣብቃ ስልኳ ላይ ትጽፋለች።

«ቅዳሜ ዕለት ከቤተሰቤ ጋር ሙዚየም ጎበኘሁ። የቀደምቶቻችን ቅርስ ልቤን በኩራት ሞላው...»

የምትጽፈው በልጇ በኢያሱ ስም ነው። ኢያሱ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ሙዚየም አልሄደም። ሰሚት ያለው ትምህርት ቤቱ መስከረም ላይ «ተማሪዎች በብሎግ ይማራሉ» ብሎ ለየልጁ ገጽ ከፈተ። አንዱ ይጽፋል፣ ሌሎቹ አስተያየት ይሰጣሉ፣ ሁሉም ከሁሉም ይማራል። ኢያሱ የመጀመሪያዋን ጽሑፍ ሲጽፍ ብሩክታይት ፊደል ልታርምለት አጠገቡ ተቀመጠች። እንደተቀመጠች ቀረች።

ብቻዋን እንዳልሆነች የገባት ሉዋም የምትባል የክፍሉ ልጅ «ውድ ኢያሱ፣ ምልከታህ ጥልቅ ቢሆንም ምንጭ አልጠቀስክም» ብላ ስትጽፍ ነው። የሉዋም እናት ጠበቃ ናት። ብሩክታይት በንዴት ምንጭ መጥቀስ ጀመረች። ይኸው አሁን ኢያሱ የዓመቱ ምርጥ ጸሐፊ ሊባል ታጭቷል። ልጁ ግን ከትምህርት ቤት ሲመጣ፣ «እማዬ፣ በዚህ ሳምንት ምን ተማርኩ?» ይላታል።

ዓርብ ዕለት መምህር ፍስሃ በወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ቦምብ ጣለ። «ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ኮምፒውተር ክፍል ገብተው ራሳቸው ይጽፋሉ። ርዕስ፦ ቅዳሜዬ።» ወላጆቹ በሙሉ ከሥሩ ጭብጨባ ላኩ። ብሩክታይትም ላከች። ከዚያ ቅዳሜን ሙሉ ሙዚየሙን ስትጽፍ ዋለች፤ አሁንም እያሳመረችው ነው። ዛሬ ሰኞ ልጁን ቀድማ ከለጠፈችው «እቤቱ ጨርሶ መጣ» ይባላል። አለበለዚያ የሰባት ወር ጉድ ሊወጣ ነው።

«ለጥፍ» የሚለውን ልትነካ ስትል ገጹ ላይ አዲስ ጽሑፍ ብቅ አለ።

«ይሄን የምጽፈው እኔ ነኝ። ቅዳሜ እናቴ የኔን ቅዳሜ ስትጽፍ ነበር። ኳስ ሳነጥር ቁጠሪልኝ አልኳት። ቆይ ቅዳሜህን ልጨርስልህ አለችኝ። ብቻዬን እስከ መቶ ቆጠርኩ። ማንም አላየኝም።»

ጣቷ «ሰርዝ» ላይ ደረቀ። የይለፍ ቃሉ እሷ ጋ ነው፤ አንዴ ብትነካው ይጠፋል።

«ልጄ፣ ምን ሆንሽ? መርዶ ነው እንዴ?» አሉ አሮጊቷ።

«ኧረ አይደለም እማማ። የልጄ ጽሑፍ ነው።»

«እስቲ አንብቢልኝ፤ መነጽሬን ረስቼ ነው የወጣሁት።»

ድምጿን ዝቅ አድርጋ አነበበችላቸው። ወፍራሙ ሰውዬ ግን ሰምቷል።

«መቶ? ኳሷ መሬት ሳትነካ?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም?»

«አላየሁማ!»

«እሱም እኮ እንደዛ ነው ያለው» አለ ሰውዬው።

ከጽሑፉ ሥር አንድ አስተያየት ታየ። «ወይኔ መቶ! እኔ አስር ላይ ነው የሚወድቅብኝ። ሉዋም።» «ውድ ኢያሱ» የለ፣ «ምንጭ» የለ።

ብሩክታይት ጣቷን ከ«ሰርዝ» ላይ አነሳች። «ጎበዝ የኔ ልጅ! ዛሬ እኔ እቆጥርልሃለሁ» ብላ ጻፈችና ላከች። ከላከች በኋላ ነው ያየችው፤ የገባችው በእሱ ስም ስለሆነ፣ ክፍሉ በሙሉ እያየ ኢያሱ ለኢያሱ «ጎበዝ የኔ ልጅ» ብሎታል።

የሳቅ ምልክት ዘነበ። መምህር ፍስሃ «ወይዘሮ ብሩክታይት፣ እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ጻፈ። በመጨረሻ የኢያሱ መልስ መጣ።

«እማዬ፣ ከስሜ ውጪልኝ። ገና አልጨረስኩም።»

ወጣች። የሙዚየሙን ጽሑፍ እንኳ ሳታስቀምጥ ወጣች። ድንገት ብድግ ስትል ጣሪያው አናቷን ገጨት አደረጋት።

«ወራጅ! ወደ ሰሚት ልመለስ ነው!»

«እህት፣ በሩ አይከፈትም» አለ ረዳቱ፤ «ሌላ ታክሲ ጎናችን ላይ ተለጥፏል። አርፈሽ ቁጭ በይ።»

ልትቀመጥ ዞር ስትል፣ ወፍራሙ ሰውዬ የቦታዋን ግማሽ ወስዶታል።