የክትባት ሳጥኑ መንገደኛ

ሲስተር ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ስትወጋ ኖራ ጡረታ ስትወጣ፣ ከጤና ጣቢያው ይዛ የወጣችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቆለፊያው የተሰበረ የክትባት ሳጥን። ሌሎቹ ሲሸኙ የግድግዳ ሰዓት ነበር የሚሰጣቸው። እሷ ግን "ሰዓቱ ይቅርብኝ፣ ሳጥኑን ስጡኝ" አለች። ሰው ሁሉ ግራ ገባው። ሳጥኑን የፈለገችው ለቀበቶ ነበር።

ቀበቶ እባብ ናት። ቡናማ፣ መርዝ የሌላት፣ ርዝመቷ ከክንድ ተኩል የማይበልጥ። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት አንድ አትክልተኛ ጀርባዋን በዶማ ከጨረፋት በኋላ ተጸጽቶ በባልዲ ይዟት ጤና ጣቢያ መጣ። "እባብ አላክምም" ብላ ልታባርረው ስትል ቁስሉን አየችው፤ ካየችው በኋላ ማባረር አልሆነላትም። አጠበች፣ መድኃኒት ቀባች፣ በካርቶን አድርጋ ጠረጴዛዋ ሥር አኖረቻት። በማግስቱ ልትከተብ የመጣች ልጅ "ሲስተር፣ ቀበቶሽ ይንቀሳቀሳል!" ብላ ጮኸች። ስሙ በዚያው ጸና።

ስለ ሲስተር ከተማው የሚያውቀው ሌላም ነገር አለ። መርፌ ስትወጋ "እስከ ሦስት እቆጥራለሁ" ትላለች፤ የምትወጋው ግን ሁለት ላይ ነው። ሦስትን የሚጠብቅ ሰው ጡንቻውን ያጠነክራላ! ጡንቻው የጠነከረ ደግሞ ያመዋል። ከተማው ይህን እያወቀ ሁልጊዜ ይሸወድላታል። የማያውቀው የገዛ ወንድሟ ብቻ ነው። እሱ በእሷ እጅ ተወግቶ አያውቅም፤ "ዶክተር እያለ በታናሽ እህቴ ልወጋ?" የሚል ሰው ነው።

ይህን ወንድሟን ሰው ሁሉ፣ ሚስቱ ሳትቀር፣ "ዳይሬክተሩ" ነው የሚለው። ጋሼ የምትለው ሲስተር ብቻ ናት። የሳይንስ መምህር ነበር፣ ከዚያ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆነ፤ ጡረታ ወጥቶም ሰው ሁሉ ተሰልፎ የሚጠብቀው ይመስለዋል። ሲስተር ደረጃ ላይ ተንሸራታ እጇ የተሰበረ ጊዜ ቤተዘመድ ተሰብስቦ "ባሏ የሞተባት ሴት በዚህ ዕድሜዋ ብቻዋን መኖር የለባትም" ብሎ ወሰነ። ወሰነ ማለት እንኳን ይከብዳል፤ ዳይሬክተሩ ተናገረ፣ ሌላው ራሱን ነቀነቀ። እሱ ቤት ገብታ ልትኖር ሆነ። ሲስተር እሺ ያለችው እጇ በጄሶ ታስሮ፣ ፀጉሯን ማበጠር እንኳ አቅቷት በነበረበት ሰሞን ነው።

በአንድ ነገር ግን ወይ ፍንክች አለች።

"ቀበቶ ካልመጣች እኔም አልመጣም።"

"እባብ ያየ በልጥ በረየ ሲባል አልሰማሽም?" አለ ዳይሬክተሩ በስልክ። "ሚስቴ ልጡንም አትችለው።"

"ልጥ መች አመጣለሁ አልኩህ? እባብ ነው የማመጣው።"

ሁለት ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ "በይ እሺ፣ አምጪያት፤ ጓሮ ትቀመጣለች" አለ። ይህን ሲል ድምፁ ባልተለመደ ሁኔታ ለስልሶ ነበር። ሲስተር ያን ጊዜ ደስ ስላላት ልብ አላለችውም።

ለመንገዱ የተዘጋጀችው ለክትባት ዘመቻ ትዘጋጅ በነበረው መልክ ነው። ሳምንት ሲቀራት ቀበቶን ማብላት አቆመች፤ ሆዱ የሞላ እባብ መኪና ሲያንገላታው ያስመልሰዋል። ለአየር ብላ የሳጥኑን ጎን በመሰርሰሪያ በሳሳች። ቀበቶን የትራስ ልብስ ውስጥ አስገብታ አፉን ቋጠረች። ሳጥኑን የሚያቀዘቅዙትን አይስ ፓኮች ከፍሪጅ አውጥታ ወዲያው አልከተተቻቸውም፤ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ፣ ላብ ላብ ሲላቸው አንድ በአንድ እያነሳች ጆሮዋ ሥር ነቀነቀቻቸው። ውስጣቸው ውሃ ሲንቀሳቀስ መስማት አለባት። ይህን ሳይሰማ የቸኮለ ነርስ ክትባቱን በረዶ አድርጎ ያበላሸዋል። ቀበቶም እንደዚያው ናት፤ ሙቀቱም ይገድላታል፣ በረዶውም ይገድላታል። አይስ ፓኮቹን በፎጣ ጠቅልላ በሳጥኑ አንድ ወገን ብቻ አደረገች፣ ሲበርዳት ወደ ሌላው እንድትጠጋ። የቴርሞሜትሩን ሽቦ ወደ ውስጥ አስገብታ ቁጥሩን ከውጭ በፕላስተር ለጠፈችው። ሃያ ስድስት አለ። እስከ ሠላሳ ደህና ነው። ሠላሳ አምስት ካለፈ ቀበቶ የለችም።

"መንገዳችን ላይ ያለው ሞቃት ሜዳ በቀትር አይታለፍም" አለችው ሊወስዳት ለመጣው ወንድሟ። "ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት እንነሳ።"

ዳይሬክተሩ አንድ ሰዓት ላይ ነቃ። ሸሚዙን አስተኮሰ፣ ቁርሱን ቀስ ብሎ በላ፣ ከዚያ ጢሙን ላጨ። "መንገዱ ጥሎን አይሄድ" አለ። ሲነሱ ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር።

የመኪናው ማቀዝቀዣ ከሞተ ዓመት አልፎታል። ሲስተር ሳጥኑን እግሯ ሥር፣ ፀሐይ በማያገኘው በኩል አድርጋ ነጭ ጨርቅ አለበሰችውና ዓይኗን ከቁጥሩ ላይ አልነቅል አለች። ሃያ ሰባት። ሃያ ስምንት።

"እባብ እኮ ደሙ ቀዝቃዛ ነው" አለ ዳይሬክተሩ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ። "ሙቀት ያስፈልገዋል። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ነገር ነው።"

"ሠላሳ ዓመት ግማሹን አስተምረሃል" አለች። "የራሷ ሙቀት ስለሌላት ያለችበት ቦታ የሰጣትን ነው የምትቀበለው። እንደ እኔና እንደ አንተ አታልባትም። ጥላ ከነሷት መሄጃ የላትም፣ ትበስላለች።"

ዳይሬክተሩ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ነዳ። ግን ሰምቷታል፤ ይህን ልብ በሉ።

ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሜዳው መሃል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ምግብ ቤት ደረሱ። ግቢው ውስጥ ያለው ዛፍ አንድ ብቻ ነው፤ ዳይሬክተሩ እዚያ ሥር አቆመ። ሲስተር ሳጥኑን አቅፋ ልትገባ ስትል የምግብ ቤቱ ባለቤት ውስጡ ምን እንዳለ ጠየቀች፣ እውነቱን ሰማች፣ እና በሩ ላይ እጆቿን ዘርግታ ቆመች።

"እማማ፣ እርስዎ ይግቡ። እሱ ግን በሞቴ አይገባም።"

ሲስተር አልተቀየመችም፤ የሴትዮዋ ቤት ነው። ከወንድሟ ጋር ተስማሙ። ሳጥኑ መኪናው ውስጥ ይቀራል፣ መኪናው ከጥላው አይነቃነቅም፣ አራቱም መስኮት ይከፈታል፣ እሷም መኪናው የሚታይበት ቦታ ተቀምጣ በአስር ደቂቃ በልታ ትወጣለች።

"በእናታችን ነፍስ ማልልኝ።"

"በእናታችን ነፍስ" አለ ዳይሬክተሩ።

በእናቷ ከተማለላት ምን ትላለች? ፊቷን ልትታጠብና የውሃ መያዣዋን ልትሞላ ወደ ጓሮ ሄደች። ቧንቧው ውሃ የሚያወርደው በጠብታ ስለነበር ቆየች።

ተመልሳ በምግብ ቤቱ መስኮት ስታይ ዛፉ ሥር አንድ ውሻ ተጋድሞበታል። መኪናው የለም። አንገቷን አስግጋ ፈለገችው። ግቢው መሃል፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ አራቱም መስኮት ተዘግቶ ቆሟል። ወንድሟ ወደተቀመጠበት ጠረጴዛ ሄደች።

"ጋሼ፣ መኪናውን ለምን አንቀሳቀስከው?"

"የጭነት መኪና ሊገባ ሲል ቦታ ለቀቅኩለት።"

ቀጥሎ ካለው ጠረጴዛ አንድ ጎልማሳ ቀና አለ። "የጭነት መኪናው የኔ ነው፣ ጌታዬ። ከጀርባ ነው ያቆምኩት። ማንንም አላስነሣሁም።"

"መስኮቱስ?" አለች ሲስተር።

"ሌባ አለ።"

"ቁልፉን ስጠኝ።"

"ቁጭ በይ፣ ምሳሽ ይቀዘቅዛል። እባብ ፀሐይ ይወዳል።" ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ደረት ኪሱ ከተተው።

ሲስተር አልጮኸችም። ሠላሳ ሁለት ዓመት የሚጮኹ ሰዎች መሃል የሠራች ሴት ናት። ዞር ብላ ወጣች። መኪናው ጋ ደርሳ ግንባሯን ወደ መስታወቱ ስታስጠጋ አቃጠላት። ቁጥሩን አየችው። ሠላሳ ሦስት። እያየችው ሠላሳ አራት ሆነ።

ከአበባ መደቡ ጠርዝ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ መረጠች። ዳይሬክተሩ እጁን በሶፍት እየጠረገ ተከትሏት ወጥቷል። በላተኛው ሁሉ በር ላይ ተኮልኩሏል።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"እስከ ሦስት እቆጥራለሁ" አለች። "ወይ ቁልፉን፣ ወይ መስታወቱን።"

ዳይሬክተሩ ሳቀ። "እህቴ፣ ሰው እየሳቀብሽ ነው። ለአንድ ተሳቢ እንስሳ ብለሽ..."

"አንድ።"

እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ፣ እግሩን አንፈራጦ ቆመ። ሦስት ላይ ምን ሊያደርግ አስቦ እንደነበር እግዜር ይወቀው።

"ሁለት" አለችና መስታወቱን አነከተችው።

"ሦስት መች አልሽ!" ብሎ ጮኸ ዳይሬክተሩ።

"ሦስት ብልህ ጡንቻህን ታጠነክር ነበር" አለችው፤ ክንዷን በተሰበረው በኩል አስገብታ በሩን እየከፈተች።

ሳጥኑን አቅፋ ወደ ዛፉ ሮጠች፤ ውሻው ራሱ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀላት። የምግብ ቤቱ ባለቤት በረዶ የሞላ ጆግ ይዛ መጣች፣ ከልቧ ደንግጣ። "አይሆንም የኔ ልጅ" አለች ሲስተር። "በአንዴ ከቀዘቀዘች ትሞታለች። የቧንቧ ውሃ ስጪኝ።" የጭነት መኪናው ሾፌር ጀሪካኑን አመጣ። አንድ ፎጣ ነክራ ጨምቃ መሬት ላይ አነጠፈች፣ የትራስ ልብሱን እላዩ ላይ አጋደመች፣ በካርቶን ቁራጭ ታራግብ ጀመር። የትራስ ልብሱ አልተንቀሳቀሰም።

አምስት ደቂቃ አራገበች። ተሰብሮ የዳነው እጇ ይጠዘጥዛታል። ቋጠሮውን ስትፈታ በላተኛው አንድ ላይ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ቀበቶ ተዘርግታለች፤ ጀርባዋ ላይ የዶማው ጠባሳ ይታያል።

"ቀበቶ" አለች ሲስተር። "በዶማ ያልሞትሽ፣ በዳይሬክተር ትሞቺ? እንዳታሳፍሪኝ።"

መጀመሪያ የጅራቷ ጫፍ ነው የተነቃነቀው። ቆይቶ ምላሷ ብቅ አለ፣ ገባ፣ ደግሞ ብቅ አለ። ሲስተር እዚያው መሬት ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እያያት፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ማንም ሊስቅባት አልደፈረም።

እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ ቀና ብላ ወንድሟን አየችው።

"ጋሼ፣ አውቀህ ነው?"

ዳይሬክተሩ የመኪናውን መስታወት አየ፣ ጫማውን አየ። "አምጪያት ያልኩሽ መላ እስካገኝላት ነበር። ሙቀቱ ይገድላታል ስትዪ... በራሷ ጊዜ ከሞተች ሁላችንም እንገላገላለን ብዬ ነው። ጥቂት ቀን ታለቅሻለሽ፣ ከዚያ ትረሺዋለሽ። ለአንቺው ብዬ ነው።"

"በእናታችን ምለህ?"

ዳይሬክተሩ ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ።

"ዛሬ ለእሷ መስኮት ዘጋህ" አለች ሲስተር። "ነገ ማርጀቴን ስታይ ለኔም ትዘጋለህ፤ ያኔም ለአንቺው ብዬ ነው ትላለህ። አልሄድም። እጄ ድኗል፣ ቤቴም እንዳለ ነው፣ ቁልፉም ቦርሳዬ ውስጥ ነው።"

"ብቻሽን ልትኖሪ?"

"ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።"

ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "እማማ፣ እኔ በመጣችሁበት በኩል ነው የምሄደው። ጋቢናዬ ሰፊ ነው። እባብ እንኳ እፈራለሁ፤ ሳጥን ግን አልፈራም።"

"ተባረክ ልጄ። ፀሐይዋ እስክትበርድ ግን አንነሳም።"

"እርስዎ ያሉት ሰዓት ይሁን።"

የምግብ ቤቱ ባለቤት አይስ ፓኮቹን ተቀብላ የራሷ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከለስላሳው ጎን ከተተችላት። አስር ሰዓት ላይ ሲስተር አንድ በአንድ ጆሮዋ ሥር ነቀነቀቻቸው፤ ሴትዮዋም "እስቲ እኔም ልስማ" ብላ አንዱን ነቀነቀች። ሾፌሩ የሲስተርን ሻንጣ ከዳይሬክተሩ መኪና አውርዶ ጋቢናው ውስጥ አደረገው። ዳይሬክተሩ ይህን ሁሉ ሰዓት ስብርባሪውን ከወንበሩ ላይ እየለቀመ ነበር። መኪናው አሁን ከጥላው ገብቷል።

ሲስተር ሳጥኑን ይዛ በአጠገቡ ስታልፍ ቆመች።

"ቤቴ መምጣት ትችላለህ፣ ጋሼ። በሩን ግን አንኳኳ። ሁለት ነን።"

"ለቤተዘመዱ ምን ልበል?" አለ፤ ድምፁ አንሷል። "ስንቱን ሰብስቤ፣ ትመጣለች ብዬ..."

ሲስተር ጋቢናው ላይ ወጥታ ተደላድላ ተቀመጠች። ሳጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጥሩን አየችው። ሃያ ሰባት።

"እስከ ሦስት እቆጥራለሁ ብላ ሁለት ላይ ወጋችኝ በላቸው" አለችው።

የጭነት መኪናው ሲንቀሳቀስ በጎን መስታወቱ አየችው። ዳይሬክተሩ ግቢው መሃል ቆሞ ክንዱን ያሻል።