ጨረቃዋ እስክትጎድል

ወልዱን ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቁስቋም ዳገት ላይ ያለውን ጓሯቸውን የምትሠራው ሚስቱ ሙሉ ናት። ክረምቱን ሙሉ ሆስፒታል ሲመላለሱ ከርመው ጓሮውን አረም ውጦት ነበር። ኅዳር ሲገባ አረሙን ነቅላ፣ ፍግ በትና፣ መደብ አወጣች። ወልዱ ጋቢውን ተከናንቦ ከፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ያያታል። ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም። አንደበቱም አልተፈታም፤ ከ«እ...» እና ከ«በቃ» ሌላ ቃል አይወጣውም።

ወልዱ አዲሱ ገበያ ጎማ ሲለጥፍ የኖረ ጎሚስታ ነው። ጓሮውን ግን የሚያለማው በአባቱ ደንብ ነበር። አባቱ ቄስ ነበሩ፤ ሠርቀ ጨረቃን በቃላቸው ይቆጥራሉ። ቅጠሉ የሚበላ፣ እንደ ጎመንና ቆስጣ ያለው፣ ጨረቃ እየጨመረች ስትሄድ ይዘራል። አፈር ውስጥ የሚያፈራው ደግሞ ስትጎድል። ሙሉ በዚህ ነገር ስትስቅበት ነው የኖረችው።

«ሽንኩርቱ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ጨረቃዋን በምን ያያታል?» ትለዋለች። እሱም አብሯት ይስቃል፤ ቀኑን ግን አይለውጥም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ልጃቸው ሩታ ከገበያ ያመጣችውን ነጭ ሽንኩርት ፈልቅቃ ልትተክል ሙሉ ተቀመጠች። ወልዱ ግራ እጁን ወደ ሰማይ አነሳ። በምሥራቅ በኩል ግማሽ ጨረቃ በቀን ብርሃን ፈዛ ትታያለች። ገና እየጨመረች ነበር።

«ተወኝ እስቲ ወልዱ» አለችው። «ወገቤ ተቆርጧል። ዛሬ ካልተከልኩት መቼ ልተክለው ነው?»

«እ... በቃ» አለ፣ ራሱን እየነቀነቀ።

አልሰማችውም፤ ተከለች። ጨርሳ ቀና ስትል ወልዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ጠጋ ብላ አየችው። ጉንጩ ረጥቧል። በሽታው የጣለው ዕለት እንኳ አላለቀሰም ነበር።

ሙሉ ያኔ ገባት። መቼ እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚተኛ፣ የትኛውን ሸሚዝ እንደሚለብስ የሚወስኑለት ሌሎች ናቸው። የራሱ የነበረችው ይህች የመትከያ ቀን ብቻ ናት። እሷንም ነጠቀችው።

ተመልሳ ተንበረከከችና የተከለችውን አንድ በአንድ አወጣችው። አፈሩን በቀሚሷ ጠርጋ ሰፌድ ላይ ዘረጋችው።

«እሺ፣ እንዳልክ ይሁን» አለች። «ስትጎድል ንገረኝ።»

እስከዚያው የጎመን ዘር በተነች። በዚህስ ወልዱ ፈገግ አለላት።

ጨረቃዋ ሞላች። ከዚያ አንድ ጠዋት ሚስቱ ቁርሱን ይዛ ስትገባ አልጋው ባዶ ነው። ደንግጣ ወደ ውጭ ሮጠች። ወልዱ የበረንዳውን ምሰሶ ተደግፎ ቆሟል። ያለ ሰው እርዳታ ከአልጋ ሲነሳ ይህ የመጀመሪያው ነው። ጣቱን ወደ ምዕራብ ቀሰረላት፤ ከጎረቤት ቆርቆሮ በላይ ጎኗ የጎደለ ጨረቃ ነበረች።

ልትቆጣው አስባ ተወችው። ደግፋ ወስዳ መደቡ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጠችው። እሷ አፈሩን ትከፍታለች፣ እሱ በግራ እጁ ይተክላል። ሲደክመው እሷ ቀጠለች። ድንገት ክንዷን ያዛት።

«ተገ... ተገልብጧል።»

«ምን አልክ?»

«ተገልብጧል፣ ሙልዬ።»

ሙሉ አየችው። እውነትም ጫፉን ወደ ታች አድርጋ ነበር የተከለችው። አፈር በነካው እጇ አፏን ይዛ ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ ወረደ።

«ይኼን ሁሉ ወር ዝም ብለህ፣ አፍህ የተፈታው እኔን ለማረም ነው?»

እሱም በዚያ ጠመም ባለው ከንፈሩ ሳቀ።

ታኅሣሥ ላይ ንግግሩ ገና ይሰነካከል ነበር። ሽንኩርቱ ግን በቅሏል። የሙሉ መስመር ቀጥ ያለ ነው፤ የወልዱ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ። ሩታ ነቅላ ላስተካክለው ብትል እናቷ እጇን ያዘቻት።

«እንዳትነኪው» አለቻት። «እሱ በእጁ የተከለው ነው።»