ሐጂ ኢስሓቅ ያላዩት ጥቁር ውሃ

ባቡሩ ድሬዳዋ ላይ ከቆመ ወዲህ የሐረር ገበያ እስትንፋሱ አጠረ። ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የሚሸጡት ሐጂ ኢስሓቅ ግን ይሄ ሁሉ ያልፋል ባይ ነበሩ። አማቻቸው ዐብዱናስር አልመሰለውም፤ ድሬዳዋ ሱቅ አገኘና ሚስቱን ጃሚላንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ሊሄድ ተነሣ። ጃሚላ ደግሞ ያለ አላህ ፈቃድ እግሬን አላነሣም አለች።

«አው» አለቻቸው፤ በቤታቸው ቋንቋ አባቷን የምትጠራው እንዲህ ነው። «ኢስቲኻራ ይስገዱልን፤ አላህ በሕልም ምልክት ያሳይዎት። ኸይር ካዩ እንሄዳለን፤ ካልሆነ እንቀራለን።»

ሐጂ ሁለት ረከዓ ሰግደው፣ ዱዓቸውን አድርሰው ተኙ። በሕልማቸው ጃሚላ ለምለም መስክ ላይ ልጆቿን ይዛ ስትስቅ አዩ። ከዚህ የበለጠ ምልክት ከየት ይመጣል? ነጭና አረንጓዴ ያየ እንዲሄድ፣ ጥቁርና ቀይ ያየ እንዲቀር ጁገል ግንብ ውስጥ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ሐጂ ግን ሚስታቸውን ከቀበሩ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ባዶ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ሲያስሉ ታያቸውና ፈሩ። መካ ደርሶ መምጣት ፍርሃትን አያስጥልም መሰለኝ።

«ጥቁር ውሃ አየሁ» አሉ ጠዋት። «መንገዱን ሞልቶታል።»

ዐብዱናስር ጥርሱን ነክሶ ወጣ። ጃሚላ አልሐምዱሊላህ ብላ የጠቀለለችውን ምንጣፍ መልሳ ዘረጋች።

ክረምቱ ሲወጣ ከተማው ውስጥ ፈንጣጣ ገባ፤ የጃሚላን ወንድ ልጅ ወሰደው። ሐጂ የልጅ ልጃቸውን ቀብረው ሲመለሱ፣ የገደልኩት እኔ ነኝ አሉ በልባቸው። የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ የባሰው እሱ ነው።

ሐዘኑ ሳይወጣ ዐብዱናስር በቅሎ ተከራየ። «ሰዐዲያ እንኳ ትትረፍልን» አለ፤ ጡት ያልጣለችውን ሴት ልጁን ነው። ጃሚላ ራሷን ነቀነቀች። «አላህ ከልክሏል። መንገድ ላይ የባሰ ነበር የሚጠብቀን።»

ሐጂ እንግዲህ ምን ምርጫ አላቸው? መስኩን፣ ሳቋን፣ ብቻቸውን መቅረት መፍራታቸውን አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ። «ዋሽቼሻለሁ ልጄ። ሂጂ።»

ጃሚላ እጃቸውን ይዛ ሳመች። «አሁን ነው የሚዋሹኝ አው። አዝነውልን ነው። እርስዎ በአላህ ነገር የሚዋሹ ሰው አይደሉም።»

«ወላሂ እውነቴን ነው።»

«አይማሉ፤ በእኔ የተነሣ ወንጀል ውስጥ አይግቡ።»

ዐብዱናስር ግን አመናቸው። በሩ ላይ ቆሞ ብዙ አያቸው። እናቷ ሳትሄድ ጡት የምትጠባ ልጅ ይዞ የት ይደርሳል? በቅሎውን ለባለቤቱ መለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ሐጂን ቃል አላናገራቸውም።

በሳምንቱ ሰዐዲያን ትኩሳት ያዛት። ጃሚላ አቅፋት መጥታ ጭናቸው ላይ አስቀመጠቻት።

«ዱዓ ያድርጉላት አው። የእርስዎን አላህ ይሰማል።»

ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ፤ ከአፋቸው ግን ምንም አልወጣም። ጃሚላ አሚን ልትል መዳፏን ከፍታ ትጠብቃቸዋለች።