ደሙ አልተበላሸም

ሰመራ ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ ለኮምፒውተር ጥገና ደውሎ ጠራኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር የላቦራቶሪው ኮምፒውተር ድርግም ብሎ ውጤት ያጠፋባቸዋል። ዩፒኤስ አላቸው። መብራት ሲሄድ ባትሪው ኮምፒውተሩን ትንሽ ይዞ እንዲያቆየው፣ ኮምፒውተሩም ሥራውን አስቀምጦ ራሱን በሰላም እንዲዘጋ ማድረግ ነበር የእኔ ድርሻ።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ፋሪሃ በሩን ስትከፍትልኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ዩፒኤሱን ከጠረጴዛው ሥር ጎትቼ አወጣሁት። ላዩ የአይጥ ኩስና የበረሮ ክንፍ ለብሷል። ባትሪው በሙቀት አብጦ በጎኑ አዥቷል፤ እጄ ላይ ተለጠፈ። ከጀርባው አንድ ትርፍ ገመድ ወጥቶ በግድግዳው ቀዳዳ ወደሚቀጥለው ክፍል ይገባል።

«ይሄ የት ነው የሚሄደው?»

ፋሪሃ አቀረቀረች። «የአቶ ሀብተ ሥላሴ ፍሪጅ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ አቶ ሀብተ ሥላሴ ቢሯቸው ስገባ በፈገግታ ተቀበሉኝ፤ ለስላሳ ሊጋብዙኝም ፍሪጁን ከፈቱ። ደሙ በፌስታል የተጠራቀመ የፍየል ሥጋ፣ የሻገተ ወጥ፣ የተደፋ ወተት።

«አልጠጣም» አልኳቸው። «ባትሪውን የሚጨርሰው ይሄ ፍሪጅ ነው። ይነቀል።»

«በዚህ ሙቀት? ሥጋው ይበላሽብኝ?»

«የሕመምተኛው ውጤትስ?»

«እንደገና ይቀዳላ! ደም ያልቃል እንዴ?» ብለው ሳቁ።

ወደ ላቦራቶሪው ስመለስ አንድ ሽማግሌ ክንዳቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። አባ መሀመድአሚን ይባላሉ፤ ከሰርዶ በጭነት መኪና ተሳፍረው ነው የመጡት። ክንዳቸው በመርፌ ጠቁሯል።

«ልጄ፣ ደሜ ዛሬም ተበላሸ አሉኝ» አሉኝ። «በቁሜ እየበሰበስኩ ነው እንዴ?»

ፋሪሃን አየኋት። መርፌው እጇ ላይ ነው፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «እንደዚያ በያቸው ተብዬ ነው፣ ሂያም» አለችኝ ቀስ ብላ።

የአይጡን ኩስ ረሳሁት። የዚህን ውሸት ያህል በሕይወቴ ያስጠየፈኝ ነገር የለም።

«አባ፣ ደምዎ ምንም አልሆነም» አልኩ። «የጠፋው ውጤቱ ነው። መብራት ሲሄድ ባትሪውን የሥራ አስኪያጁ ፍሪጅ ይጨርሰዋል።»

ፋሪሃ መርፌውን አስቀመጠች። ጎንበስ ብላ ገመዱን ነቀለችና መቀስ አምጥታ ቆረጠችው።

አቶ ሀብተ ሥላሴ እየጮሁ ገቡ። «ማን ፈቀደልሽ?»

«የሰው ደም በከንቱ ማፍሰስ ሐራም ነው» አለቻቸው።

አባ መሀመድአሚን ተነሥተው እስከ ቢሮው ድረስ ሄዱ። ፍሪጁ ክፍት ነበር። የትከሻቸውን ፎጣ አፍንጫቸው ላይ አድርገው ቆመው አዩ። «ደሜን የሰጠሁት ለዚህ ነው?»

«ሥጋው ትናንት የታረደ ነው!» አሉ ሰውየው።

ይዤው የመጣሁትን ባትሪ ተካሁ፤ ዩፒኤሱን ከኮምፒውተሩ ጋር በገመድ አገናኝቼ አስተካከልኩት። ፋሪሃ ለመጨረሻ ጊዜ ደም ቀድታ መረመረች። ውጤቱ ኮምፒውተሩ ውስጥ እንደገባ፣ መብራት የጠፋ ለማስመሰል የዩፒኤሱን ሶኬት ከግድግዳው ነቀልኩ። ዩፒኤሱ ጮኸ፣ ኮምፒውተሩ ሁሉንም አስቀምጦ ራሱን ዘጋ። ስንከፍተው ውጤቱ እንዳለ አገኘነው። ወባ ነበር፤ ሽማግሌው መድኃኒታቸውን ይዘው ሄዱ።

ፋሪሃን አባረሯት። አሁን አሳይታ ከተማ ትሠራለች፤ አልፎ አልፎ እንደዋወላለን። ክሊኒኩ ሌላ ኮምፒውተር እንድጠግንላቸው ደጋግሞ ደውሎልኛል። አላነሣሁም።