ባቡሯ ዛሬም አልቆመችም

ሥራዬ የሰው ድራማና ፊልም አይቶ መተቸት ነው። የማንም ተቀጣሪ አይደለሁም፤ የጻፍኩትን ለፈለገው ጋዜጣ እሰጣለሁ። በሳምንት ሃያ ምናምን ክፍል ማየት ስላለብኝ ሁሉንም በአንድ ተኩል እጥፍ ፍጥነት አስኬደዋለሁ፤ ያውም ግማሹን እየጻፍኩ በጆሮዬ ብቻ ነው የምከታተለው። ባለቤቴ በበሩ ባለፈች ቁጥር "እነዚህን ሰዎች ማን እያባረራቸው ነው?" ትለኛለች። እኔ ግን ከለመድኩት ስንት ዓመቴ፣ ልዩነቱም አይሰማኝም።

ተመልካቹ "ባቡሯ" የሚላቸው አንጋፋ ተዋናይት አሉ። ስሙ የወጣላቸው ንግግራቸው አንዴ ከጀመረ ስለማይቆም ነው። ስትሮክ መቷቸው ሁለት ዓመት ከጠፉ በኋላ ሰሞኑን በአዲስ ተከታታይ ድራማ ተመለሱ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ጻፍኩ፦ "ባቡሯ ዛሬም አልቆመችም። ሕመሙ ምላሷን ንክች አላደረገውም። ወጣቶቹ ግን ቃሉን ሳያኝኩ ይውጡታል።" በአጻጻፌ ኮርቼም ነበር።

በሳምንቱ ልጃቸው ደወለች።

"ጋሼ፣ እናቴ ጽሑፍዎን ቆርጣ መስታወቷ ላይ ለጥፋዋለች" አለችኝ። ምስጋና መስሎኝ ፈገግ አልኩ። "አልችልም ብላ የተወችውን የመድረክ ቴአትር ልትጀምር ነው። ነገ ውል ልትፈርም ነው። 'እማዬ፣ ንግግርሽ እኮ ገና ነው' ስላት፣ 'አንቺ ስለምትሳሺልኝ ነው፤ ይሄ ሰውዬ ለማንም አያዝንም' አለችኝ። ለመሆኑ ድራማውን አይተውታል?"

"አይቼዋለሁ" አልኳት። ስልኩን እንደዘጋሁ ድራማውን ከፍቼ ፍጥነቱን ወደ ቦታው መለስኩት።

ክው አልኩ። ወጣቶቹ እንደ ማንኛውም ሰው ነው የሚያወሩት። እሳቸው ግን አንዱን ቃል ካወጡ በኋላ ሌላውን እስኪያገኙት ከንፈራቸው ባዶውን ይንቀሳቀሳል። ባላቸውን ከቤት የሚያስወጡበት ትዕይንት አለ። "ሂድ" ሊሉት ይፈልጋሉ፣ ቃሉ አልመጣ ይላል፣ ሰውየው ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ይጠብቃል። በአርባ ዓመት ሥራቸው እንዲህ ያለ ነገር ሠርተው አያውቁም። አለቀስኩ። ያሞገስኳቸው ያንን ዝምታ ቆርጬ ጥዬ ነው።

ነገሩን ለባለቤቴ ስነግራት "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ይልቅ ሳይፈርሙ ድረስባቸው" አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ። ወንበር ሰጡኝ፤ ሳልቀመጥ ዘረገፍኩላቸው። የማየው አፍጥኜ እንደሆነ፣ የሰማሁት የማሽኑን ፍጥነት እንጂ የእሳቸውን እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ልጃቸው አንገቷን ደፋች፤ እሳቸው ግን ፊታቸው አልተለወጠም።

"ታዲያ... በደህናው... ስታየው?" አሉ።

"እትዬ፣ በደህናው ይበልጣል። ከድሮ ሥራዎ ሁሉ ይበልጣል። እውነቴን ነው።"

እያዩኝ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ቃል እየፈለጉ እንደሆነ ገብቶኛል። ላቀብላቸው አፌን ከፈትኩና ምላሴን ነከስኩ።

"ይህንን... መጀመሪያ... ጽፈኸው ቢሆን... አምንህ ነበር" አሉኝ።

በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ እውነተኛው ይሄ በአፌ የተናገርኩት ነበር፤ የሚያምነኝ ግን አጣሁ።

ስልካቸውን አንስተው ቴአትር ቤት ደወሉ። "እኔ..." ብለው ሲጀምሩ ያነሳው ሰው አላስጨረሳቸውም። ድምፁ እኛ ድረስ ይሰማል፦ "ባቡሯ! ለፊርማው ነው አይደል? በቃ እየጠበቅንዎት ነው፣ ቶሎ ይምጡ!" ብሎ ዘጋው።

እሳቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ቀሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። "አልመጣም" የሚለው ቃል በመጨረሻ ሲወጣላቸው የሰማናቸው እኔና ልጃቸው ብቻ ነበርን።