የጥቃቅን መጠላለፍ

ፈትሂያን ያቃጠላት ባነሩ ነው። «በዝብርቅርቅ የጥቃቅን ቅንጣቶች ስብስብ ውስጥ የሚታይ መጠላለፍ» ብላ ጽፋ ብትሰጥም፣ ሠሪው ቦታ ጠበበኝ ብሎ ገሚሱን ገድፎት ኖሯል። በጎንደር ወጣት ማእከል በር ላይ የጠበቃት «የጥቃቅን መጠላለፍ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ነበር።

ንግግሩን የምታደርገው ለአባቷ ስትል ነው። ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ያሕያ፣ በፊዚክስ ለዶክትሬት ውጭ አገር የመማር ዕድል ማግኘቷን ስትነግራቸው፣ ትምህርቱን በአማርኛ አስረድተሽኝ ከገባኝ ትሄጃለሽ፤ ካልገባኝ ሱቅ ትቀመጫለሽ አሏት። ቤት ውስጥ በሞከረች ቁጥር እያቋረጧት ተኳርፈው ይነሣሉ። በሰው ፊት እንኳ አያቋርጡኝም ብላ አዳራሹን ለመነች።

ቃሉ ራሱ ፈተና ነበር። አንዱን ከሌላው ነጥሎ መግለጽ እስከማይቻል ድረስ የተያያዙ ቅንጣቶች ምን ይባላሉ? «መተሳሰር» ስትል አባቷ ስለ ጋብቻ መሰላቸው፤ «መቆላለፍ» ስትል ስለ ወህኒ ቤት። «መጠላለፍ» ይሻላል አለች።

አዳራሹ ጢም አለ። ደስ ሊላት ሲል የመጡትን አየች፤ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁት የኮብልስቶን ማኅበር ልጆች ነበሩ። ሰላምታዋን ሳትጨርስ ሊቀመንበሩ ማሩ ተነሣ።

«ምነው እህቴ፣ የማኅበራችንን ገመና ማን ነገረሽ?»

ስለ እነሱ ሳይሆን በዓይን ስለማይታዩ ነገሮች እንደሆነ ነገረችው።

«እውነቷን ነው፤ ማሩ ሲጠልፍ አይታይም» አለ ምክትሉ ባዬ ከኋላ።

ሳቁ ወዲያው ወደ ጭቅጭቅ ዞረ። አባቷ ከፊት ወንበር ሰዓታቸውን አዩ። ማሩ ምርር ብሎ፣ «የዚህ ሰውዬ ቁራኛ ሆኜ ቀረሁ፤ እሱን ሳያነሣ ስሜን የሚጠራ የለም» አለ።

ፈትሂያ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች።

«ቁራኛ። ቃሉ እሱ ነው። አሁን ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ይታሰሩ እንደነበረው፣ ቅንጣቶችም እንዲሁ ቁራኛ ይሆናሉ አለች። ያዘጋጀችውን ወረቀት ትታ በንዴቷ ቀጠለች። ቁራኛነቱ እንደ ፈሰሰ ውኃ ነው፤ ወለሉ ደልዳላ ከሆነ ዳር እስከ ዳር ይዳረሳል፤ ጎድጓዳው፣ ማለትም ዝብርቅርቁ፣ ሲበዛ ግን እዚያው ያቁራል፣ ከጎረቤት አያልፍም። ከአንዱ ጠባይ ወደ ሌላው የሚገለበጥባት ወሰን የት ናት? ዓለም የሚጨቃጨቅባት እሷን ነው፤ እኔም የምሄደው እሷን ፍለጋ ነው አለች። የኮብልስቶኑ ልጆች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ውኃ የሚያቁር ንጣፍ ስንቴ አፍርሰው ሠርተዋል።

ወደ ቤት ሲሄዱ ሐጂ ያሕያ እስከ ቀሐ ወንዝ ድረስ ከፊት ከፊቷ ተራመዱ። እሷም ተስፋ ቆርጣ ተከተለቻቸው። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ውኃው ገብቶኛል፤ ወሰኗ አልገባችኝም» አሉ።

«እኔም ገና አልገባችኝም፣ አባ።»

«ላልገባሽ ነገር ነው እንዲህ ጠረጴዛ የምትደበድቢው?» ብለው ተነፈሱ። «ሱቅ ብትቀመጪ ደንበኛ ታባርሪብኛለሽ። ሂጂ። መጀመሪያ ግን ያን ባነር አስወርጂ።»