ጠርዙ ላይ የቀረችው ከረጢት

ቅዳሜ ግንቦት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ በመካነ ሰላም ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ የመጨረሻው ፊሽካ ተነፋ። ኢልሀም አውራ ጣቷን ሮቦቷን ከምትነዳበት ስልክ ላይ አነሳች፤ ዐይኗን ግን ከወለሉ ላይ ማንሳት አልቻለችም።

ወለሉ ላይ በነጭ ቀለም የተሰመረ ክብ አለ። በክቡ ጠርዝ ላይ እርሷና ጓደኞቿ ከተጣለ ፕሪንተር ሞተርና ከጀሪካን ቅዳጅ ሠርተው «ጉንዳን» ያሏት ሮቦት ቆማለች። ከጉንዳን አፍንጫ ሥር ደግሞ ገብስ የተሞላች፣ ጭብጥ የምታህል ከረጢት ተጋድማለች። የውድድሩ ሕግ አያከራክርም ነበር፤ ከረጢቷ መስመሩን ሙሉ በሙሉ አልፋ ክቡ ውስጥ ካረፈች ሁለት ነጥብ ታስገኛለች፤ ጫፏ እንኳ መስመሩን ከነካ ምንም አታስገኝም። ከአጅባር የመጡት ተማሪዎች በአንድ ነጥብ ይመሩ ስለነበር፣ ደሴ ለሚደረገው ታላቅ ውድድር ማን እንደሚያልፍ የምትቆርጠው ይህችው አንዲት ከረጢት ነበረች።

አልገባችም። በሲባጎ የታሰረው የከረጢቷ አንገት ነጩ መስመር ላይ ተኝቷል። ኢልሀም ከቆመችበት ቦታ ጥርት አድርጋ አየችው። ውድድሩን ሊዳኙ ከደጎሎ የተጠሩት መምህር ሃሩን ግን በተቃራኒው በኩል ነበሩ፤ ጉንዳን ከልላባቸዋለች። ዞረው ለማየት ሁለት እርምጃ እንደተራመዱ፣ የኢልሀም የቡድን ጓደኛ ጋሹ በደስታ ዘሎ ገባና ሮቦቷን ከመሬት ነጥቆ እንደ ሕፃን አቀፋት። ከረጢቷ ተንከባለለች፤ ክቡ መካከልም ገብታ ቆመች።

«ማን ንካ አለህ!» ብለው መምህር ሃሩን ጮኹበት። ከዚያ ወደ ክቡ ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። «ሮቦቷ ከመነሳቷ በፊት በእኔ በኩል ያየሁት የከረጢቷን መግባት ነው» አሉና ክንዳቸውን ወደ መካነ ሰላም ቡድን ዘረጉ።

አዳራሹ በእልልታና በፉጨት ተናጋ። የአጅባር ቡድን አምበል ሙሉሐረግ ቀጭን፣ ድምፀ ጎርናና ልጅ ናት፤ ሕዝቡን እየገፋች ወደ መካከል ገባች።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አልገባችም! መስመሩን ነክታ ነበር፤ ይለካልኝ!»

«አጅባሮች፣ መነጽር እናዋጣላችሁ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ለዳኛችሁ አዋጡለት!» ብላ ወዲያው መለሰችለት። ሳቁና ጩኸቱ ተደበላለቀ፤ ወንበር ወደቀ፤ የሁለቱ ትምህርት ቤት ልጆች ደረት ለደረት ተገጣጠሙ።

ይህን ጊዜ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው ሼህ ሙሐመድኑር ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ተነሡ። ከጎናቸው የተቀመጡት የጨርቅ ነጋዴዋ ወይዘሮ ብርሀንነሽም ነጠላቸውን አስተካክለው ተከተሏቸው። ሁለቱ በከተማው ውስጥ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች በድንበር ሲካሰሱ፣ የሚጠሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ሲነሡ ያየ ሁሉ ዝም አለ።

«በእንግዳ ፊት እንዲህ አይሆንም» አሉ ሼህ ሙሐመድኑር፤ ወደ ሙሉሐረግም ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺም የእኛው ነሽ። አንዲት ከረጢት አታጣላንም። ለእኛ ስትይ ተይው።»

«ጠብ የለንም እኮ አባባ። ይለካልኝ ነው ያልሁት።»

«እናውቃለን፤ ጨዋ ነሽ። ጨዋ ባትሆኚማ መች እንለምንሽ ነበር!»

«እንግዲህ ልንበረከክልሽ ነው?» አሉ ወይዘሮ ብርሀንነሽ። እንዲያው ለወጉ አልነበረም፤ የጨዋታው ወለል ላይ አንድ ጉልበታቸውን ማጠፍ ጀምረው ነበር።

የሙሉሐረግ ፊት ደም ለበሰ። እናቷን በዕድሜ የምትበልጥ ሴት በእርሷ ምክንያት መሬት ስትነካ ማየት ከምን እንደሚቆጠር በዚያ አገር ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ሮጣ ክንዳቸውን ያዘች። «ኧረ በማርያም እትዬ! ትቻለሁ፤ ትቻለሁ አልሁ!»

ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። ሁለቱ አምበሎች ተቃቀፉ ተባሉ፤ ተቃቀፉ። የሙሉሐረግ ልብ በኢልሀም ደረት ላይ ሲደልቅ ይሰማ ነበር።

«አባባ፣ እኔ…» አለች ኢልሀም።

«አንቺማ አሸንፈሻል፤ ካሸነፈ ሰው ምን ይጠየቃል!» አሉ ሼህ ሙሐመድኑር እየሳቁ። እጃቸውንም ዘረጉ። «አላህ ፍቅሩን ያብዛው። የእንግዶቻችንን መንገድ ያቅናው።»

«አሚን!» አለ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድምፅ። ኢልሀምም አሚን አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ግን አንድ ነገር እንደተዘጋባት ተሰማት። ሰዎቹ ልኬትን እንደ ጠብ ቆጥረው አስታርቀውታል፤ የታረቀ ነገር ደግሞ አይቆሰቆስም። የተበደለችዋን ይቅር በይ ብለው ለመኗት እንጂ፣ ማንም ዞር ብሎ አሸናፊዋን «አንቺስ ምን አየሽ?» ያላት አልነበረም።

ዋንጫውን ሰጧት። ፎቶ አነሷት። ከሪያድ በቅርቡ የተመለሰችው አክስቷ ዘይነባ፣ ጨዋታውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ጅዳ ላለችው እናቷ በስልክ ስታሳይ ነበር። ኔትወርኩ የተቋረጠው ከዳኛው ፍርድ ጥቂት ቆይቶ ስለሆነ፣ እናቷ የመጨረሻውን እልልታ ሰምታለች። «በሰው ኩሽና ውስጥ አፏን በሻሿ አፍና አለቀሰች» አለች ዘይነባ፤ ራሷም ዐይኗን እየጠራረገች። ኢልሀም ፈገግ ለማለት ሞከረች። አንድ ቦታ መቆም ግን አልሆነላትም፤ ዋንጫውን ከቀኝ ወደ ግራ እጇ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እያዛወረች ከአዳራሹ በር እስከ ውኃ ቧንቧው ትመላለስ ጀመር።

«ምን ሆነሻል?» አላት ጋሹ። «የተሸከምሽው ዋንጫ ነው እኮ፤ የሬሳ ሣጥን አስመሰልሽው!»

«አንገቷ መስመሩ ላይ ነበር።»

ጋሹ ግራ ቀኙን አየ። «ማን አየ?»

«እኔ።»

«ዳኛው አላየም። ስለዚህ የለም።»

«እኔ አይቼዋለሁ። ስለዚህ አለ።»

«ስሚ፣ ኢልሀም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከመስከረም ጀምሮ ሽቦ ስበይድ ጣቴን የተለበለብሁት ደሴን ላይ ብዬ ነው፤ ያንቺን ኅሊና ላሳርፍ ብዬ አይደለም። ሽማግሌ ገብቶበት፣ ልጅቷ ራሷ ትታው፣ አንቺ ከየት የመጣሽ ጠበቃ ነሽ?»

ኢልሀም ፊቷን ወደ አዳራሹ መለሰች። ያላት መልስ ለጋሹ የሚነገር ዓይነት አልነበረም። ይህን የሮቦት ክበብ የመሠረተችው እርሷ ናት። በመጀመሪያው ቀን ከክፍል ጓደኞቿ ፊት ቆማ፣ «ማሽን ዘመድ አያውቅም፤ ለሁላችንም እኩል ይለካል» ብላ ነበር የሰበሰበቻቸው። ጋሹ ራሱ የመጣው ያንን ሰምቶ ነው። ዛሬ ማሽኑ ሳይዋሽ መስመሩ ጠርዝ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ልኩን ያጎደለችው እርሷ ሆነች።

ወደ መምህራን ማረፊያው ሄደች። መምህር ሃሩን የፊሽካቸውን ገመድ በጣታቸው ላይ እየጠቀለሉ በመስኮቱ ወደ ውጭ ይመለከታሉ።

«መምህር፣ ከረጢቷ አልገባችም ነበር።»

«እኔ ያየሁትን ፈርጃለሁ፣ ልጄ።»

«እርስዎ ከቆሙበት አትታይም። እኔ አይቻለሁ። እርስዎ እንዳላዩ ስለገባኝ ነው ዝም ያልሁት።»

መምህር ሃሩን ዞረው ትኩር ብለው አዩዋት፤ ከዚያም ወንበር ስበው ተቀመጡ። «አሸናፊ በራሱ ላይ ሲያመለክት አላጋጠመኝም» አሉ። «ደንቡም አያውቀውም። ውሳኔ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ የሚችለው የተጎዳው ቡድን አምበል ብቻ ነው። እርሷ ደግሞ በሕዝብ ፊት ትቻለሁ ብላለች።»

«እና እውነቱ የትም ይውደቅ?»

«አላልሁም። እርሷን ይዘሽ ነይ። አምበሏ ጠይቃኝ አንቺ ከመሰከርሽ፣ አያለሁ። ውጤቱን ለደሴ ካሳወቅሁ በኋላ ግን ከእጄ ይወጣል።»

«መቼ ነው የሚያሳውቁት?»

መምህር ሃሩን ስልካቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው አሳዩዋት። «ኔትወርክ እንደመጣ።»

ዋንጫውን እዚያው ጠረጴዛ ላይ አኑራ ወጣች። የአጅባር ቡድን የመጣበት ሚኒባስ ሳይመሽ አቀስታ ደርሶ እዚያ ለማደር ወዲያው እንደሚነሣ ሰምታ ነበር። ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ እየሮጠች፣ ሩጫዋ ሲደክማት እየተራመደች፣ በየመካከሉ ስልኳን ትመለከታለች። የግንቦት ነፋስ አቧራውን እያነሣ ፊቷ ላይ ይበትንባታል። በሌላው ቀን ኔትወርክ እስኪመጣ ከማንም በላይ የምትነጫነጭ ልጅ፣ ዛሬ እንዳይመጣ ትለምን ጀመር። ልመናዋ ለራሷም አስደነገጣት፤ እናቷ ጅዳ ላይ ስልኳን እያየች መሆኗን ታውቃለችና። «ዋንጫሽስ?» አላት አንድ ባጃጅ ነጂ። አልሰማችውም።

ሚኒባሱ ከመናኸሪያው አጠገብ ጎሚስታው ቤት ፊት ለፊት በክሪክ ተነሥቶ ቆሟል። አንድ ጎማው ተፈትቶ እየተለጠፈ ነው። ልጆቹ ግድግዳ ተደግፈው ሸንኮራ ይግጣሉ። ሙሉሐረግ ብቻዋን ውስጥ ተቀምጣለች፤ «ሲኖ» የሚሏት ሮቦታቸው ነጠላ ተጠቅልላ ጭኗ ላይ ናት።

«ምን ረሳን?» አለች ኢልሀምን ስታያት።

«ከረጢቷ አልገባችም።»

«አውቃለሁ።»

«አንገቷ መስመሩ ላይ ነበር። አይቻለሁ።»

«አውቃለሁ አልሁሽ እኮ። ያላወቅሁት አንቺ ማወቅሽን ነው።» ሙሉሐረግ መስኮቱን ወደ ጎን ገፋችው። «እና ያኔ አፍሽን ማን ሰፋው?»

ኢልሀም በመንገዱ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። አንዱም አልመጣላትም። «ፈራሁ» አለች። «ከዚያ ደስ አለኝ። ከዚያ አባባ ዱዓ አደረጉ።»

ሙሉሐረግ ልትስቅ ቃጥቷት ተወችው።

«ዳኛው ከጠየቀችኝ አያለሁ ብለዋል» ብላ ኢልሀም ቀጠለች። «አንቺ ጠይቂ፤ እኔ እመሰክራለሁ። ወላሂ፣ በሰው ሁሉ ፊት እናገራለሁ።»

«አንቺማ ትናገሪያለሽ። ምን ትሆኛለሽ? ‹እውነተኛዋ ልጅ› ትባያለሽ፤ ምናልባት ሌላ ዋንጫ ይሰጡሽ ይሆናል። እኔስ?» ድምፅዋ ይበልጥ ጎረነነ። «እትዬ ጉልበታቸውን አጥፈው የለመኑኝ እኔን ነው። ትቻለሁ ያልሁት እኔ ነኝ። አሁን ተመልሼ ‹አልተውሁም› ብል፣ የአጅባር ልጅ ቃሏን በላች፣ ሽማግሌ ናቀች ነው የምባለው። ስሙን አንቺ፣ ነውሩን እኔ እንውሰድ?»

ይህ ለኢልሀም በፍጹም አልታሰባትም ነበር። እውነቱን ከተናገረች ሁሉም ነገር በየቦታው የሚገባ መስሏት ነበር የመጣችው። የመኪናውን መስኮት በሁለት እጇ ያዘች።

«ሽማግሌዎቹ ዘንድ አስቀድሜ እገባለሁ። ‹እርሷ አላፈረሰችም፤ ሳልናገር እንድታስታርቁን የተውኋችሁ እኔ ነኝ፤ ዕርቁን ያበላሸሁት እኔ ነኝ› እላቸዋለሁ።»

«ይሰሙሻል? ቅድም ‹አባባ› ብለሽ ጀምረሽ አልነበር? እኔኮ አጠገብሽ ነበርሁ፤ ሰምቼሻለሁ። ተሰማሽ?»

«አሁን እጮሃለሁ።»

«ደሴን መሄድ አልፈልግ መስሎሻል?» አለች ሙሉሐረግ በቀስታ፤ ከኢልሀም ይልቅ ጭኗ ላይ ላለችው ሮቦት የምትናገር ትመስል ነበር። «ሌሊቱን ሙሉ አቀስታ ሳስበው የማድረው እርሱን ነው።»

ጎሚስታው ጎማውን እያንከባለለ አምጥቶ መለሰው፤ ብሎኖቹን እየረገጠ አጠበቃቸው። ክሪኩ ሲወርድ ሚኒባሱ በአንድ ጎኑ ተንፈስ ብሎ ተቀመጠ። ሾፌሩ፣ «ግቡ፣ ግቡ! ሳይመሽብን!» እያለ አጨበጨበ። ልጆቹ ሸንኮራቸውን ጥለው በበሩ ተጋፉ፤ አንዳንዶቹ ኢልሀምን ገላመጧት፤ አንዷ «ደግሞ ልትሰናበተን መጣች?» አለች።

በዚህ መካከል የኢልሀም ስልክ በኪሷ ውስጥ ተርገበገበ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያም ሳያቋርጥ። ማየት አላስፈለጋትም፤ ከጅዳ ሲጠራቀም የቆየው የእናቷ ደስታ እንደሆነ አውቃዋለች። ኔትወርኩ መጥቷል። መምህር ሃሩንም በዚህ ቅጽበት ስልካቸውን አንሥተው ይሆናል፤ ወይም የደሴው ሰው ገና አላነሣላቸው ይሆናል።

ሞተሩ ተነሣ። የመስኮቱ መስታወት ከእጇ ሥር መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ሙሉሐረግ» አለች። «ነውሩን ለሁለት እንካፈለው። ብቻሽን አትገቢም፤ እጅሽን ይዤ ነው የምገባው። እባክሽ ውረጂና አብረን እንሂድ።»

ሙሉሐረግ ነጠላውን በሮቦቷ ላይ አጠበቀች። ዐይኗ ፊት ለፊት ካለው አቧራማ መንገድ አልተነሣም።

«ውረጂ፤ እባክሽ።»